24ቱ ቀዛፊዎች፦ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድ ምን ያህል ይችላል?

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተነሣላት፣ የብብት እጢዎቿም የወጡላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ለብዙ ዘመን የሚነገራት ምክር አጭር ነበር፦ «በዚያ እጅሽ ከባድ ነገር አታንሺ።» ልጅ መታቀፍ፣ ወለል መፈተግ፣ ዕቃ መሸከም፣ እጅን ደጋግሞ የሚያሠራ ስፖርት ሁሉ ክልክል ነበር። ሐኪሞቹ ምክሩን የሚሰጡት በቅንነት ነው። ታካሚዋም አክብራ ትይዘዋለች፤ ቤተሰቡም «ተይ፣ እኔ አነሣዋለሁ» እያለ ይተባበራታል። ክንዱ በዚህ ዓይነት ዓመት ሁለት ዓመት ያርፋል፤ እያረፈም ይደክማል።

ይህን ምክር በአደባባይ የፈተነው እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ የሆነ ነገር ነው። የጡት ካንሰር ሕክምና የጨረሱ 24 ሴቶች ለወራት ሲሠለጥኑ ቆይተው፣ ክንድን ደጋግሞ በሚያሠራ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ቀዘፉ። ከዚህ በታች የምንተነትነው የእነሱን ጉዳይ ነው፦ ምን እንደተፈራ፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተገኘ፣ ጀልባና ጂም የሌላት ሴትስ ከዚያ ምን መውሰድ እንደምትችል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የፍርሃቱ ምንጭ

ደምን ልብ ይገፋዋል። ሊምፍ ግን እንዲህ ያለ ልብ የለውም። ሊምፍ ማለት ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ መካከል የሚቀረው ፈሳሽ ነው፤ ፕሮቲንና በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ይዟል። ወደ ላይ የሚጓዘው በቀጫጭን ቱቦዎች ሲሆን፣ ቱቦዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖች አሏቸው። ቱቦዎቹ ራሳቸው ይኮማተራሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ሲጨመቅና ሲላላ ደግሞ ፈሳሹን ወደፊት ይገፋዋል። ከክንድ የሚወጣው ሊምፍ ዋና በሩ ብብት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ካንሰሩ የደረሰባቸውን እጢዎች ለማጽዳት ከዚያ ብዙ ሲያወጣ፣ በላዩም ጨረር ተጨምሮበት ሥጋው ሲጠነክር በሩ ይጠብባል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ሲጠራቀም ክንድ ያብጣል። ሊምፌዲማ የሚባለው ይህ ነው። የእግር ዝሆኔን ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ኖረው የሚመጣው የእግር እብጠትም የዚሁ የሊምፍ መንገድ ጉዳት ነው።

በ2013 የታተመና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንዳሳየው፣ የብብት እጢዎቻቸው በብዛት ከወጡላቸው ሴቶች ውስጥ ከ5ቱ አንዷ ገደማ ክንዷ ያብጣል። መጀመሪያ የሚገኙት ጥቂት እጢዎች ብቻ ለምርመራ ከወጡላቸው ሴቶች ግን ይህ የሚደርሰው ከ100ው በ6 ያህሉ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት እባጩ ካደገ በኋላ ስለሆነ፣ የብብቱ ጽዳትም ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ የክንድ ነገር ለእነሱ ትርፍ ጉዳይ አይደለም።

የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ስሌት እንዲህ ነበር፦ ጡንቻ ሲሠራ ደም ወደ ክንዱ ይጎርፋል፤ ደም ሲጎርፍ ሊምፍ ይበዛል፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ክንዱ ያብጣል። ስሌቱ ልክ ይመስላል፤ ግን ግማሹ ጎድሎታል። የሚሠራ ጡንቻ የሚመነጨውን ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን የሚገፋውንም ያበዛል። ደግሞም ከሥራ የተከለከለ ክንድ አቅሙ እየወረደ ስለሚሄድ፣ ትናንት ቀላል የነበረው ዕቃ ዛሬ ከባድ ይሆናል። ሴትየዋ ዓመት ሙሉ ክንዷን ስትጠብቅ ቆይታ፣ አንድ ቀን የወደቀ ልጇን ብድግ ታደርጋለች፤ ክንዷ በማግስቱ ያብጣል። ቤተሰቡም «ይኸው ብለን ነበር» ይላል። ጥፋቱ ግን የማንሳቱ ብቻ አይደለም፤ ክንዱ ለማንሳት ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው።

ቫንኩቨር፣ 1996

ነገሩን የጀመረው ዶናልድ ማኬንዚ ነው፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሕክምና ሐኪምና ስለ አካል እንቅስቃሴ የሚመራመር ሰው። የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ክንድን ማሠራት ያሳብጣል የሚለው እምነት በማስረጃ የቆመ ካልሆነ፣ ከባድ ሆኖ በደረጃ በሚጨምር ሥራ ይፈተን።

የመረጠው ድራጎን ቦት የሚባለውን የዘንዶ ጀልባ ነው። ጀልባው የደቡብ ቻይና ቅርስ ሲሆን፣ ወደ ቫንኩቨር የገባው በ1986 በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ከሆንግ ኮንግ በመጡ የእንጨት ጀልባዎች ነው። ረጅምና ጠባብ ነው፤ 20 ቀዛፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ10 ረድፍ ይቀመጡበታል። ፊት ላይ ከበሮ መቺ፣ ኋላ ላይ ጀልባውን የሚመራ ሰው አለ። መቅዘፊያው ከጀልባው ጋር አልተያያዘም፤ በሁለት እጅ ብቻ ይያዛል። የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው ዓይነቱን ይገምተዋል፤ ልዩነቱ ሃያው ሰው በአንድ ምት መቅዘፉ ነው።

ምርጫው ታስቦበታል። ቅዘፋ ደረትን፣ ጀርባን፣ ትከሻንና ክንድን ደጋግሞ ያሠራል፤ ማለትም ሐኪሞቹ የፈሩትን ነገር በትክክል ያደርጋል። በተቃራኒው ቀዛፊዋ ስለምትቀመጥ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ የሰውነት ክብደት አያርፍም፤ በዕድሜ የገፋችም ወፍራምም ሴት ትችለዋለች። የ20 ሰው ሥራ ስለሆነ ዛሬ የደከማት ቀለል አድርጋ ብትቀዝፍ ጀልባው አይቆምም። በዚያ ላይ ሕዝብ የሚያየው ነገር ነው፦ ታማሚ ተብለው የሚታዘንላቸው ሴቶች በከተማው መካከል ሲቀዝፉ የሚያያቸው ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።

ለቡድኑ የወጣለት ስም አብሬስት ኢን ኤ ቦት ነው። ጎን ለጎን በአንድ ጀልባ ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው «ጡት» የሚለው ቃል ውስጡ ተሸጉጧል።

እንዴት አሠለጠኗቸው?

ከጉዳዩ ሁሉ ልናተኩርበት የሚገባው ይህ ነው፤ ጀልባውን ብቻ አይቶ ዝግጅቱን የዘለለ ሰው ነገሩን አልተረዳውም። ሴቶቹ በቀጥታ ወደ ውሃ አልወረዱም። መጀመሪያ ጂም ገብተው ማፍታቻ፣ የልብና የትንፋሽ ሥራ፣ ከዚያም በትንሽ የሚጀምርና በትንሽ በትንሽ የሚጨምር የክብደት ሥራ ሠሩ። ወደ ጀልባው የሄዱት ትከሻቸው እንደልብ መንቀሳቀስ ሲጀምርና ጡንቻቸው ሲጠነክር ነው። በሰኔ ወር በከተማው በፎልስ ክሪክ በሚካሄደው የዘንዶ ጀልባ ፌስቲቫል ላይ ተወዳደሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክንዳቸው በባለሙያ ክትትል ሥር ነበር።

አቀዛዘፉም ትምህርት አለው። ጀማሪ መቅዘፊያውን በክንዷ ልትጎትተው ትሞክርና ትከሻዋን ታማለች። ትክክለኛው አቀዛዘፍ ከወገብ ይጀምራል፦ ቀዛፊዋ ወገቧን አዙራ ወደፊት ትዘረጋለች፤ የመቅዘፊያውን ምላስ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ትሰካዋለች፤ እግሯን ከፊቷ ባለው መደገፊያ ላይ አጽንታ ወገቧን ስትመልስ ጀልባው ወደ መቅዘፊያው ይመጣል። መቅዘፊያው ዳሌ አጠገብ ሲደርስ ይወጣል። ክንድ ኃይሉን ያስተላልፋል እንጂ አያመነጨውም። ይህ አካሄድ በብብት ላይ ጠባሳ ላለባት ሴት ሁለት ጥቅም አለው፦ ትከሻ ሳይጨናነቅ በሙሉ ስፋቱ ይንቀሳቀሳል፤ በጥልቅ መተንፈሱም በደረት ውስጥ ያለውን ዋናውን የሊምፍ ቱቦ እየጨመቀ ፈሳሹን ወደ ደም ይስባል።

የተገኘው ውጤትና ድንበሩ

ማኬንዚ ውጤቱን በ1998 በካናዳ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አሳተመው። አዲስ ሊምፌዲማ አልታየም፤ ቀድሞ የነበረውም አልባሰም። በ2000 የታተመ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የ20 ቀዛፊዎችን ክንድ በሜትር እየለካ ተከታትሎ፣ ቅዘፋው ክንድን ያሳብጣል የሚለውን እምነት የሚደግፍ ነገር አላገኘም።

ይህን ከልኩ በላይ ማጋነን አይገባም። 24 ሴቶች ትንሽ ቁጥር ናቸው። በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው፤ በፈቃዱ ለቅዘፋ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከመነሻውም ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል። ሳይቀዝፉ የሚነጻጸሩ ሌሎች ሴቶችም አልነበሩም። ስለዚህ የቫንኩቨር ጉዳይ ያሳየው «ከባድ ሥራ ሁሉንም ያሳብጣል» የሚለው አባባል ትክክል አለመሆኑን ነው፤ «እንቅስቃሴ ይጠቅማል» ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ያ ማስረጃ የመጣው ከአሜሪካ፣ ካትሪን ሽሚትዝ ከመራቻቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በ2009 የታተመው ክንዳቸው ቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ በሳምንት 2 ጊዜ ክብደት አነሡ፣ ግማሾቹ የለመዱትን ኑሮ ቀጠሉ። ከዓመት በኋላ ክንዳቸው ይበልጥ ያበጠባቸው ከሚያነሡት 11 በመቶ፣ ከማያነሡት 12 በመቶ ነበሩ። እብጠቱ ተነሥቶባቸው ሕክምና የሚያሻቸው ሁኔታ የገጠማቸው ግን ከሚያነሡት 14 በመቶ፣ ከማያነሡት 29 በመቶ ሆኑ። በ2010 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ክንዳቸው ገና ያላበጠ 154 ሴቶችን ተከታተለ። 5 ወይም ከዚያ በላይ እጢ ከወጣላቸው ውስጥ እብጠት የጀመራቸው ከሚያነሡት 7 በመቶ፣ ከማያነሡት 22 በመቶ ናቸው። ይህ ቁጥር የእኛን እናቶችና እህቶች በቀጥታ ይመለከታል፤ ብብታቸው በስፋት የጸዳው እነሱ ናቸውና።

የእነዚህ ጥናቶች ሥርዓት ከውጤቱ እኩል ዋጋ አለው። የመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት በአሠልጣኝ ፊት ነበሩ። ክብደቱ የተጀመረው ከምንም ወይም ከጥቂት ነው። አንዱን እንቅስቃሴ 10 ጊዜ፣ እሱን 2 ከዚያም 3 ዙር ይሠራሉ። ክብደት የሚጨመረው በሁለት ተከታታይ የሥልጠና ቀናት ሲሠሩ በክንዱ ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ ብቻ ነው፤ ያውም የሚገኘው ትንሹ ጭማሪ። ረዘም ላለ ጊዜ ያቋረጠች ሴት ካቆመችበት አትቀጥልም፤ ዝቅ ብላ ትጀምራለች። እብጠት የነበረባቸው ሲሠሩ ስሊቭ የሚባለውን አጥባቂ እጅጌ ያደርጋሉ።

ጀልባም ጂምም ለሌላት

ይህን ሥርዓት ወደ ቤት ለማምጣት ከሃይላንድ የተሻለ መሣሪያ የለም። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በጥርሙሱ ላይ ምልክት ካደረጉበት እንደፈለጉ የሚጨምር ክብደት በእጅ አለ ማለት ነው። የብረት ደምቤል ከ1 ኪሎ ወደ 2 ሲዘል ጭማሪው እጥፍ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክንድ ይህ ዝላይ ይበዛበታል። ውሃ ግን በግማሽ ሲኒም ይጨመራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ እስኪነሣ ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርንን ማጠፍና ማቃናት ይበቃል፤ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት ይቆይ። ቱቦው ከወጣ በኋላ፣ ሐኪሟ ሲፈቅድ፣ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጣትን እንደ ሸረሪት እያራመዱ ወደ ላይ መውጣት ይጀመራል፤ በየቀኑ የደረሱበት ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይረዳል። ጨረር የሚጠብቃት ሴት ይህን ችላ ማለት የለባትም፤ በጨረር ማሽኑ ላይ ክንድን ከራስ በላይ አድርጎ መተኛት ስለሚያስፈልግ፣ ትከሻዋ ካልተፈታ ጨረሩ ይዘገይባታል። ክብደት የሚጀመረው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ትከሻውም ተፍታቶ፣ ሐኪም ካየው በኋላ ነው።

መነሻው በእያንዳንዱ ጥርሙስ ሩብ ሊትር ውሃ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ክርንን አጥፎ ማንሳት፤ ቆሞ ክንድን ወደፊት እስከ ትከሻ ማንሳት፤ ወደ ጎን ማንሳት፤ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ጥርሙሱን ወደ ዳሌ መሳብ፤ በመጨረሻ ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት። እያንዳንዱ 10 ጊዜ፣ 2 ዙር። ሁለቱም እጅ ይሠራል፤ ታማሚው ብቻ ከተሠራ አካሄድና ጀርባ ይዛባል። በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ 2 ቀን ዕረፍት፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ። በሳምንቱ ክንዱ ሰላም ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት 125 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። በዚህ አካሄድ 1 ኪሎ የሚደረሰው በ6 ሳምንት፣ 2 ኪሎ ደግሞ በ14 ሳምንት ነው። ቀርፋፋ ይመስላል። ክንዱ የሚፈልገው ግን ይህን ቀርፋፋነት ነው።

ጀሪካን የራሱ ቦታ አለው፤ ውሃ ከቦኖ በምትቀዳ ሴት ቤት «ዕቃ አታንሺ» የሚለው ምክር ለሁለት ወር እንኳ የማይጸና ነውና። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ከ2 ኪሎ ጥርሙስ ወደ እሱ መዝለል አይቻልም። በትንሿ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 2 ሊትር ይዞ መጀመር፣ እጅ እየቀያየሩ መሄድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር መጨመር ይሻላል። ትልቁን በገመድ ጀርባ ላይ አዝሎ ገመዱን በትከሻና በደረት ማሰር ግን ሌላ ችግር አለው፤ ገመዱ ሊምፉ የሚያልፍበትን ቆዳ አንቆ ይይዘዋል። ጠባብ የጡት መያዣና ከባድ የትከሻ ቦርሳም እንዲሁ።

ከክብደቱ ጎን የእግር መንገድ አለ። ካንሰር ይዟቸው የታከሙ ሰዎችን በሚመለከት በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክር የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ይላል። ልኩ እየተናገሩ መሄድ የሚቻልበት፣ ዘፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው።

መለካት

«አብጧል» እና «አላበጠም» በዓይን የሚዳኙ ነገሮች አይደሉም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የእጅ አንጓ ላይ፣ ከክርን 10 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ከክርን 10 ሳንቲ ሜትር በላይ፤ በሁለቱም ክንድ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭነው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት፣ ቁጥሩም በደብተር። የመጀመሪያው ልኬት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የምንሠራበት እጅ በተፈጥሮው ትንሽ ይወፍራልና፣ ያ ልዩነት ኋላ እብጠት ይመስላል። በወር አንዴ በቂ ነው። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ልዩነት ከመነሻው 2 ሳንቲ ሜትር ከጨመረ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ከሜትሩ በፊት የሚናገሩ ምልክቶችም አሉ፦ ቀለበት መጥበቅ፣ ሰዓት ምልክት መተው፣ የእጅጌ መጨናነቅ፣ ክንድ የከበደ መምሰል። እነዚህ ከሠሩ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ከታዩ የሚቀጥለው ቀን ሥራ ይዘለልና ክብደቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

የሚበላሸው የት ነው?

በአብዛኛው የሚበላሸው ደህና በተሰማበት ቀን ነው። የበዓል ዋዜማ ነው፤ ሴትየዋ ደስ ብሏታል፤ ዶሮው ይገነጠላል፣ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ድስቱ ይነሣል። ስድስት ሰዓት የማያቋርጥ ሥራ ከምትሠለጥነው ሁሉ ይበልጣል። ሥራውን በሁለት ቀን መክፈልና በየ20 ደቂቃው እጅ መለወጥ ከመከልከል ይሻላል።

ቁስልና ቃጠሎ ከክብደት ይልቅ ያስፈራል። ሊምፍ በደንብ በማይፈስበት ክንድ ውስጥ የገባ ተሕዋስ በፍጥነት ይስፋፋል፤ እያንዳንዱ የቆዳ ኢንፌክሽንም ቱቦዎቹን ጨምሮ ይጎዳል። የምጣድ እንፋሎት፣ የከሰል ፍንጣሪ፣ ቢላዋ፣ እሾህ፤ ለእነዚህ ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ። የተቆረጠ ቦታ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ክንዱ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካመመ፣ ብርድ ብርድ ካላት በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል፤ ማሸትም ክብደትም ይቁም።

በዚያ ክንድ ደም ግፊት አትለኪ፣ መርፌ አትወጊ የሚለው ምክርስ? በ2016 የታተመና ብዙ መቶ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በመርፌ፣ በደም ግፊት መለኪያና በአውሮፕላን ጉዞ ምክንያት ክንድ ማበጡን አላገኘም። ከእብጠት ጋር የተያያዙት የብብት ጽዳት፣ በዚያ አካባቢ የተሰጠ ጨረር፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ክብደትና የቆዳ ኢንፌክሽን ነበሩ። ሌላኛው እጅ ካለ እሱን መስጠት ክፋት የለውም፤ ግን በድንገተኛ ጊዜ አንድ መርፌ ተወጋሁ ብሎ ሌሊቱን በጭንቀት ማደር አያስፈልግም።

ሌላው ከብብት እስከ ክርን፣ አንዳንዴም እስከ አንጓ፣ ክንድ ሲዘረጋ እንደ ክር የሚወጠር ነገር ነው። ብዙ ሴቶች ካንሰሩ የተመለሰ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ፣ ቀስ ብሎ በመዘርጋት በአብዛኛው በወራት የሚለቅ ነገር ነው። ክንድን አቅፎ መቀመጥ ያቆየዋል።

ስሊቭም በልክ ካልሆነ ይጎዳል። ሲጠብ ፈሳሹን ወደ መዳፍ ይገፋዋል፤ የመዳፍ ጓንቱ አብሮት ካልተደረገም ጣቶች ያብጣሉ። ከዘመድ የመጣ የሌላ ሰው ስሊቭ ማድረግ ወይም በላስቲክ ፋሻ አጥብቆ መጠቅለል አይመከርም።

ከክብደቱ በፊት ሐኪም ሊያውቃቸው የሚገቡም አሉ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ ኬሞ ልብን ሊያደክም ይችላል፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ማታ እግሯ የሚያብጥ ሴት መጀመሪያ ልቧ ይታይ። ፓክሊታክሴል የሚባለው ሌላው ኬሞ የእግር ጣትን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ መሬት የማይሰማው እግር በድንጋያማ መንገድ ይሰናከላል፤ ጠንካራ ጫማና ለጥ ያለ መንገድ። ሆርሞን የሚከለክሉት ክኒኖች አናስትሮዞልና ሌትሮዞል አጥንትን ያሳሳሉ፤ መገጣጠሚያንም ያሳምማሉ፤ እንቅስቃሴ ለሁለቱም ከሚረዱት አንዱ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስና ሳምንታት የማይለቅ አዲስ የአጥንት ሕመም ግን ምርመራ ይቀድመዋል፤ በካንሰር የተጎዳ አጥንት በክብደት ሊሰበር ይችላል።

ስለ ክኒኑና ስለ ማዕዱ

ቀዛፊም ትሁን አትሁን፣ ሆርሞን የሚከለክለው ክኒን ከታዘዘላት ቢያንስ 5 ዓመት ነው፤ ለአንዳንዶች 10። ደህና ነኝ ብሎ በሁለተኛው ዓመት ማቋረጥ ከማንኛውም የአመጋገብ ስሕተት የከፋ ነው። ከእነዚህ ክኒኖች አንዱ የሆነው ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ በቀን አንዴ ስለሆነ ጾመኛዋ ወደ ማታ ልታደርገው ትችላለች። ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም። የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም በቶሎ ይነገራል።

ምግቡ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ከማንኛውም «የካንሰር ምግብ» ተብሎ ከሚሸጥ ነገር ይሻላሉ። የሚያወፍረው በአብዛኛው ዘይቱ፣ ስኳሩና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጡ ነው። የሰውነት ክብደት የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ እንደተጠቀሰው ለክንድ እብጠት ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በጾም ወራት ጡንቻ የምትገነባ ሴት ጥራጥሬ በሁለቱም ማዕድ ያስፈልጋታል። አልኮል ለጡት ካንሰር የታወቀ አጋላጭ ነው፤ ጠላም ጠጅም አረቄም በዚህ አንድ ናቸው።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር፣ በሚቀጥሉት 2 ዓመታት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ከዚያ በዓመት ነው፤ ለቀረው ጡት በዓመት አንዴ ማሞግራም።

ጀልባው ከዚያ ወዲህ

የቫንኩቨሩ ቡድን ለአንድ የውድድር ወቅት ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም አልፈረሰም። ሌሎች ከተሞች ተከተሉት፤ ከዚያ ሌሎች አገሮች። በ2010 ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በፍሎረንስ በ2018፣ በኒውዚላንድ በ2023 ቀዛፊዎቹ ተሰባስበዋል። በነዚህ በዓላት ከውድድሩ በኋላ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ ለሞቱት ጓደኞቻቸው ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ውሃው ላይ ይበትናሉ።

የኢትዮጵያ ልጆች በብዛት በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በካልጋሪ እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። ቀድሞ መቅዘፍ ማወቅ አይጠበቅም፤ ፈጣን መሆንም አይጠበቅም። የምትፈልግ ሴት መጀመሪያ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ፣ የሁለቱን ክንድ ልኬት በደብተር ጽፋ፣ ቡድኑ ወደ ውሃ ከመውረዱ በፊት ባሉት የብርድ ወራት ወደ ጂሙ ሥልጠና ብትገባ ይመረጣል። በሙቀቱ ወራት የመጣችም በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ጋር እኩል አትቅዘፍ፤ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አሳርፋ የከበሮውን ምት ትስማ፣ 5 ደቂቃ ትቅዘፍ፣ ቀጥላ ትረፍ፣ ማታ ክንዷን ትለካ።